የማይነቀል ድንኳን፦ ኢትዮጵያ በሁለት የኮምፒውተር የጦር ስልት ጨዋታዎች

በዓለም ገበያ ከሚሸጡ የኮምፒውተር ጨዋታዎች መካከል ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ በአንድ ጊዜ ሀብት የሚሰበስቡባቸው፣ ከተማ የሚገነቡባቸውና ጦር የሚያሰልፉባቸው አሉ። የቅጽበታዊ ስልት ጨዋታዎች ልንላቸው እንችላለን። ከእነዚህ ውስጥ ኢትዮጵያን በስሟና በቋንቋዋ ያቀረቡ ሁለት ሥራዎች ከአንድ ስቱዲዮ ወጥተዋል። አንደኛው በ2015 ለ«ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» የተጨመረው «ዘ አፍሪካን ኪንግደምስ» ነው፤ ሁለተኛው በ2021 ለ«ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 3» የተጨመረው «ዘ አፍሪካን ሮያልስ» ነው። በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሁለቱን ሥራዎች «ፎርጎተን ኢምፓየርስ» የተባለው ስቱዲዮ ከሌሎች ጋር ተባብሮ ሠርቷቸዋል። የመጀመሪያው ስለ መካከለኛው ዘመን፣ ሁለተኛው ከዚያ በኋላ እስከ 19ኛው መቶ ዘመን ስላለው ጊዜ ይተርካል። የዚህ መጣጥፍ ክርክር እንዲህ ነው፦ ሁለቱ ጨዋታዎች አጥብቀው የሚመሳሰሉት በሚታየው ገጽታቸው ሳይሆን በሕጋቸው ነው፤ ይህ ሕግም ከኢትዮጵያ ታሪክ የተቀዳ ስላልሆነ፣ ያልተመሳሰሉትን የኢትዮጵያ ዘመናት አንድ አድርጎ ያቀርባቸዋል። በጨዋታ ውስጥ ታሪክን የሚተርከው ከአልባሳቱ ይልቅ ሕጉ ነው።

አንድ ቤት፣ ሁለት ዘመን

የ«ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ» ተከታታይ ጨዋታዎችን የመሠረተው የአሜሪካው «ኢንሴምብል ስቱዲዮስ» ነበር። የመጀመሪያውን ጨዋታ በ1997፣ ሁለተኛውን በ1999፣ ሦስተኛውን በ2005 አውጥቶ በ2009 ተዘጋ። «ፎርጎተን ኢምፓየርስ» ግን የተነሣው ከአፍቃሪዎች መካከል ነው፤ የ«ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» ወዳጆች በራሳቸው ተነሣሽነት የሠሩት ጭማሪ በ2013 ይፋዊ ሆኖ እንዲወጣ ተፈቀደ፤ የኢትዮጵያ ተራ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስቱዲዮው ኢትዮጵያን ያስገባው ሌሎች ሠርተው በጨረሱት ቤት ውስጥ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ግድግዳውና ምሰሶው አስቀድሞ ቆሟል።

ገጽታው በራሱ ብዙ የሚያስመሰግን ነገር አለው። በሁለቱም ጨዋታዎች ወታደሩና ገበሬው ሲታዘዙ በአማርኛ ይመልሳሉ። በሁለቱም ሾተል የያዘ እግረኛ የኢትዮጵያ መለያ ነው፤ ጠማማው ሰይፍ የጠላትን ጋሻ ዞሮ የሚወጋ መሣሪያ በመሆኑ ምርጫው ታሪካዊ መሠረት አለው። በመጀመሪያው የኢትዮጵያ ቀስተኞች ከሌሎች 18 በመቶ ፈጥነው ይወረውራሉ፤ ንግሥት ዮዲትም ከአክሱም ተሰድዳ የምትመለስበት ባለ አምስት ክፍል ዘመቻ አላት። በሁለተኛው ጎንደር መናገሻ ሆና ትቀርባለች፤ የከብት ገበያ፣ ጎተራ፣ የተራራ ገዳምና «ተሰሚነት» የተባለ ልዩ ሀብት ተጨምረዋል። ስለ ኢትዮጵያ ከረኀብ ዜና በቀር ብዙም ሰምቶ ለማያውቅ የውጭ ወጣት እነዚህ ታላቅ በር ናቸው። ይሁን እንጂ ተጫዋቹ ጨዋታውን ሲጀምር የሚገዙት ሕጎች በሁለቱም አንድ ናቸው፦ መሐል ላይ የማይነቃነቅ የከተማ ማዕከል፣ ወደ አንድ ግምጃ ቤት የሚፈስ ሀብት፣ በክፍያ የሚወጡት የዘመናት መሰላል፣ እና ዋጋው እስከተከፈለ ድረስ የሚባዛ ሠራዊት። መሰላሉ በመጀመሪያው ባለ አራት፣ በሁለተኛው ባለ አምስት እርከን መሆኑ መሠረቱን አይለውጠውም።

ከተማ እና ከተመ

የእነዚህ ሕጎች ዋነኛው ማዕከሉ ነው፤ ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር የሚጋጨውም እሱ ነው። «ከተማ» የሚለው ቃል ከ«ከተመ» የመጣ ሲሆን ጥንት የሚያመለክተው የሠራዊት መስፈሪያን ነበር። «ሰፈር»ም እንዲሁ ከ«ሰፈረ» ይወጣል፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ኮልፌ ቀራኒዮ የሚኖር ሰው ሳንሱሲን «ሰፈሬ» ሲል ሳያስበው የጦር ካምፕ ቃል እየተጠቀመ ነው። ይህ የቋንቋ አጋጣሚ ብቻ አይደለም። ከ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አንሥቶ ፋሲለደስ በ1636 ጎንደርን እስኪቆረቁሩ ድረስ የኢትዮጵያ ነገሥታት በአብዛኛው ቋሚ መናገሻ አልነበራቸውም። ከ1520 እስከ 1526 በአገሩ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የልብነ ድንግልን ቤተ መንግሥት ያየው በድንኳን ከተማነቱ ነው። ሰፈሩ የተመሰቃቀለ አልነበረም፤ የእያንዳንዱ ቦታ በሥርዓት የተወሰነ ነበር። ፊታውራሪ፣ ቀኝ አዝማች፣ ግራ አዝማች የሚባሉት ማዕረጎች ራሳቸው ከሰፈሩና ከጉዞው አቀማመጥ የተወለዱ ናቸው። በዚህ አገር የሥልጣን ካርታ የተሣለው በሚነቀልና በሚተከል ድንኳን ላይ ነበር።

ድንኳኑ የሚነቀለውም በምክንያት ነው። ብዙ ሺህ ሰውና ከብት አንድ ቦታ ሲሰፍር ማገዶው ያልቃል፣ የአካባቢው ገበሬ ጎተራ ይራቆታል፤ ንጉሡም ወደ ሌላ አውራጃ ይዘልቃሉ። መንቀሳቀሱ ግብርን ባለበት ቦታ መብያ፣ ሩቅ ያለውን ሹም መቆጣጠሪያና ፍርድን ወደ ሕዝቡ ማድረሻ መንገድ ነበር። እንግዲህ በመጀመሪያው ጨዋታ ይህንኑ ዘመን የሚጫወት ሰው ምን ያደርጋል? በማዕከሉ ዙሪያ እርሻ ይደረድራል፣ ጫካው ሲመነጠር ራቅ ብሎ ሌላ የእንጨት ማከማቻ ይሠራል፤ ማዕከሉ ግን ካለበት አይነቃነቅም። የሀብት ማለቅ በታሪኩ መንግሥትን ያንቀሳቅስ ነበር፤ በጨዋታው የሚያንቀሳቅሰው እንጨት ቆራጩን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጨዋታ ስለ ጎንደር ዘመን በመሆኑ ቋሚ ከተማ ይስማማዋል ሊባል ይችላል። ነገር ግን እዚህ ሌላ ችግር አለ። «እናት ከተማ» የሚባለው ሥርዓት በ2005 የተፈጠረው ለለንደን፣ ለፓሪስና ለሊዝበን ነው፤ ትርጉሙም ባሕር ማዶ ያለው መናገሻ በአሜሪካ ላለው ቅኝ ግዛት ሰውና ዕቃ ይልካል ማለት ነው። ጎንደር በዚህ ቦታ ስትገባ የለንደንን ሚና ትወርሳለች፤ ተጫዋቹ የሚኖርባት ሳይሆን ከሩቅ የምትልክለት ከተማ ትሆናለች። የፋሲል ግንብ በሚያምር ሥዕል ቢታይም፣ ከተማዋ የምትሠራው ሥራ የቅኝ ገዢ መናገሻ ሥራ ነው።

አንድ ግምጃ ቤት፣ ብዙ አቡን

ሁለተኛው የጋራ ሕግ ሀብትን ይመለከታል። በሁለቱም ጨዋታዎች ገበሬው ያመረተው ሁሉ በማያ ገጹ ጠርዝ ላይ ወደሚታይ አንድ ቁጥር ይደመራል። የኢትዮጵያ መንግሥት ግን ለብዙ መቶ ዓመታት የቆመው በጉልት ሥርዓት ነበር፤ ንጉሡ ከአንድ መሬት የሚገኘውን ግብር የመሰብሰብ መብት ለመኳንንት ወይም ለአድባራት ይሰጣሉ፣ ባለ ጉልቱም በምላሹ ያገለግላል። ሀብቱ አብዛኛውን ጊዜ የንጉሡ ግምጃ ቤት አይደርስም። ስለዚህ የንጉሥ ዋነኛ ጭንቀት «ስንት ወርቅ አለኝ?» ከሚለው ይልቅ «ማን ይታዘዘኛል?» የሚለው ነበር። በጨዋታው ሹም የሚባል የለም፤ የሚሸፍት፣ የሚያኮርፍ፣ ግብር የሚያስቀር የለም። የኢትዮጵያ ታሪክ እምብርት የሆነው ጥያቄ ከመነሻው ተሰርዟል።

ሦስተኛው ሕግ ማባዛት ነው። በሁለተኛው ጨዋታ አቡን ቁስለኛ የሚፈውስ ገጸ ባሕርይ ሲሆን ዋጋው ከተከፈለ ከአንድ በላይ ማውጣት ይቻላል። እስከ 20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ ግን የኢትዮጵያ አቡን ከእስክንድርያ የሚላክ ግብጻዊ ጳጳስ ነበር፤ እሱን ለማስመጣት መልእክተኛ፣ ገንዘብና የግብጽ ገዢዎች ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። አንዱ ሲያርፍ ሌላው እስኪመጣ ካህን የሚሾም ጠፍቶ ቤተ ክርስቲያን የተቸገረችበት ጊዜ ብዙ ነው። ሴባስቶፖልም እንዲሁ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት በአውሮፓውያን ሚስዮናውያን ያስቀለጡት፣ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነው ያ መድፍ በብዙ ሰው ጉልበት መቅደላ ድረስ ተጎትቷል፤ አምሳያውም ዛሬ በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። በጨዋታው ሴባስቶፖል ደጋግሞ የሚመረት የመድፍ ዓይነት ነው። አንድ መሆኑና በጭንቅ መገኘቱ የታሪኩ ትርጉም ነበር፤ ሕጉ ግን ብርቅን አያውቅም።

ስም ሲሰደድ

ስም ከአገሩ ወጥቶ በሌላ ምድር ሲተከል ምን እንደሚሆን ሳንሱሲ ራሱ ያስረዳል። ድምፁ በፈረንሳይኛ «ያለ ጭንቀት» ከሚለው ሐረግ ጋር አንድ ነው፤ በ18ኛው መቶ ዘመን የፕሩሲያው ታላቁ ፍሬድሪክ በፖትስዳም ላሠራው ቤተ መንግሥትም የሰጠው ስም ይኸው ነበር። በምዕራብ አዲስ አበባ ግን ሳንሱሲ የሰፈር ስም ነው፤ ትርጉሙን የሚሰጡት ነዋሪዎቹ ናቸው። በጨዋታዎቹ ውስጥ የኢትዮጵያ ቃላት የደረሰባቸው ይህ ነው። «ነፍጠኛ» በሁለተኛው ጨዋታ ጠመንጃ የያዘ እግረኛ ነው። በእኛ ቋንቋ ቃሉ ከነፍጥ ቢወጣም፣ ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ወዲህ በደቡብ የሰፈረውን ወታደር፣ ከገባሩ ጋር የነበረውን የመሬትና የጉልበት ግንኙነት፣ ዛሬም የሚያቆስል የፖለቲካ ክርክርን ተሸክሟል። ጨዋታው ጠመንጃውን ወሰደ፤ ገባሩን ተወ።

የኦሮሞ አቀራረብም ተመሳሳይ ጥያቄ ያስነሣል። ጨዋታው ኦሮሞን በፈረሰኛ ተኳሽነትና ተጫዋቹ ከዘመን ወደ ዘመን ሲሸጋገር በሚመርጠው አጋርነት ያቀርባል። ይህም ኦሮሞን ከመንግሥቱ ውጭ ያለ ረዳት ያስመስላል። ከ1755 እስከ 1769 በጎንደር የነገሡት ዐፄ ኢዮአስ ግን እናታቸው ኦሮሞ ነበሩ፤ በዘመነ መሳፍንትም የዙፋኑ እውነተኛ ባለሥልጣናት ለረጅም ጊዜ የየጁ ኦሮሞ መሳፍንት ነበሩ። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ የነበረውን ከደጅ የሚመጣ አጋር የሚያደርገው የሠሪዎቹ ክፋት አይደለም፤ «ሥልጣኔ» አንድ ወጥ፣ «አጋር» ደግሞ ሌላ መሆን አለበት የሚለው የጨዋታው አሠራር ነው።

ለመቃወሚያዎች መልስ

አንድ አንባቢ «ይህ የጨዋታ ዓይነቱ ባሕርይ እንጂ የስቱዲዮው አይደለም፤ የስልት ጨዋታ ያለ ቋሚ ማዕከል አይሠራም» ሊል ይችላል። ማስረጃው ግን ይህን አይደግፍም። በ1998 በወጣው «ስታርክራፍት» ከሦስቱ ወገኖች የአንደኛው ሕንፃዎች ተነሥተው ይበርራሉ፤ የዘመናት መሰላልም የለውም። በዚሁ በ«ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ» ቤተሰብ ውስጥ ሁኖች ከ2000 ጀምሮ መኖሪያ ቤት ሳይሠሩ ይጫወታሉ፤ በሌላ ስቱዲዮ በተሠራው አራተኛው ጨዋታ ደግሞ ሞንጎሎች ከተማቸውን አፍርሰው፣ ጭነው፣ ሌላ ቦታ ይተክላሉ። ለሞንጎል የተቻለው ለልብነ ድንግል የማይቻልበት ቴክኒካዊ ምክንያት የለም።

ሁለተኛው መቃወሚያ ይበልጥ ይከብዳል፦ ስቱዲዮው የወረሰውን ቤት አድሷል እንጂ ቤቱን አልሠራም፤ በዚያ ላይ ተሰሚነት፣ አጋርነትና የከብት ገበያ ለውጥ አይደሉም ወይ? ለውጥ ናቸው፤ ሊመሰገኑም ይገባል። ተሰሚነት ከወርቅ የተለየ ኃይል እንዳለ ያሳያል፤ ከብት ሀብት መሆኑም ለዚህ አገር እውነት ነው። እንዲያውም ክርክሩን የሚያጠናክሩት እነዚህ ናቸው፤ ሁለተኛው ጨዋታ ከመጀመሪያው ይልቅ ወደ ኢትዮጵያ የቀረበው አዲስ ልብስ በጨመረበት ሳይሆን አዲስ ሕግ በጨመረበት ቦታ ነውና። ውርስ መሆኑም የመመሳሰሉን ምንጭ ያስረዳል እንጂ ውጤቱን አያስቀርም።

ሦስተኛው «ጨዋታ ጨዋታ ነው፤ ታሪክ የሚፈለገው ከመጽሐፍ ነው» የሚለው ነው። ለዚህ መልስ የሚሰጠው የራሳችን የሰንጠረዥ (ቼዝ) ጨዋታ ነው። በቀድሞው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ አጀማመሩ «ወረራ» ይባላል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እየተያዩ፣ በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳሉ። ቅጽበታዊ ስልት ከኮምፒውተር በፊት በመኳንንቱ አዳራሽ ነበር ማለት ነው። ንጉሡ በየትኛው ጠጠር እንደተያዘም ለድሉ ክብር ይጨምርለት ወይም ይቀንስለት ነበር። ከሕንድና ከፋርስ መጥቶ በመላው ዓለም የተሰራጨን ጨዋታ አያቶቻችን ሲቀበሉ ጠጠሩን ቀርጸው ብቻ አልቀሩም፤ ስለ ጦርነትና ስለ ክብር የሚያምኑትን በሕጉ ውስጥ ጻፉት። ሕግ ተራ ነገር ቢሆን ኖሮ ይህን ባላደረጉ ነበር።

በየሰፈሩ ባሉ የፕሌይስቴሽን ቤቶች ያደገው ትውልድ ነገ የራሱን ጨዋታ ሲሠራ የሚጠብቀው ፈተና ይህ ነው። ጥበብ ለብሶ ዘንግ የያዘ ገጸ ባሕርይ መሣል ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ማገዶ ሲያልቅ መንግሥት የሚነሣበትን፣ ባለ ጉልት ሊያኮርፍ የሚችልበትን፣ አቡን አንድ ብቻ የሆነበትንና ሲያርፍ ዓመታት የሚጠበቅበትን፣ ድል በአገኛኘቱ የሚመዘንበትን ሕግ መጻፍ ነው። ሁለቱ ጨዋታዎች የኢትዮጵያን ድምፅ ለዓለም አሰምተዋል፤ የቀረው ድንኳኑ እንዲነቀል መፍቀድ ነው።