የፀሐይ ግርዶሽን በጋራ መመልከት፦ ምንነቱ፣ ፋይዳውና ጥንቃቄው

የፀሐይ ግርዶሽ ሕዝብን በአንድ ጊዜ ወደ ሰማይ ቀና ከሚያደርጉ ክሥተቶች አንዱ ነው። ቤተ ሙከራም ሆነ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ አርሶ አደሩ በማሳው፣ ነጋዴው በገበያው፣ ተማሪው በደጁ ሆኖ የሰማይ አካላትን እንቅስቃሴ በገዛ ዐይኑ ያረጋግጥበታል። በዚህም ምክንያት በብዙ አገሮች ሳይንስን ከሕዝብ ጋር የሚያገናኙ የአደባባይ መርሐ ግብሮች ይዘጋጁበታል። ሆኖም ያለ መከላከያ የሚመለከተው ሰው የዐይን ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ሊያጣ ስለሚችል አስቀድሞ ማወቅና መዘጋጀት ያስፈልጋል።

ግርዶሽ እንዴት ይከሠታል?

ጨረቃ በምድርና በፀሐይ መካከል ስታልፍ ጥላዋ በምድር ላይ ያርፋል። ፀሐይ በስፋቷ ከጨረቃ 400 እጥፍ ያህል ትበልጣለች፤ ነገር ግን ርቀቷም በዚያው መጠን የበዛ ነው። ጨረቃ ከምድር በአማካይ 384 ሺህ ኪሎ ሜትር ስትርቅ፣ ፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ስለዚህ ሁለቱም ከምድር ሲታዩ እኩል ይመስላሉ።

ጨረቃ ወደ ምድር በቀረበችበት ጊዜ የሚከሠተው ግርዶሽ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። በራቀችበት ጊዜ ሲሆን ደግሞ ዳር ዳሩ ሳይሸፈን ይቀርና የብርሃን ቀለበት ይታያል፤ ይህም ቀለበታማ ግርዶሽ ይባላል። ከጥላው ዋና መሥመር ውጭ ያሉ ሰዎች የሚያዩት ከፊል ግርዶሽን ነው።

የፀሐይ ግርዶሽ የሚደርሰው አሮጌዋ ጨረቃ አልቃ አዲሷ በምትወለድበት ዕለት ብቻ ነው። በባሕረ ሐሳብ አበቅቴን የሚቆጥሩ ሊቃውንትም ሆኑ ወር ለመያዝ አዲስ ጨረቃን የሚጠባበቁ ሙስሊሞች ይህን ዑደት ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ግርዶሹ በየወሩ የማይደጋገመው የጨረቃ ምሕዋር በመጠኑ ያዘነበለ በመሆኑና ጥላዋ አብዛኛውን ጊዜ ከምድር በላይ ወይም በታች ስለሚያልፍ ነው።

የሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ግርዶሽ

በዚህ ዕለት፣ እሑድ ማለዳ፣ ቀለበታማ ግርዶሽ በምዕራብ ወለጋ፣ በጎጃምና በጎንደር አካባቢዎች አልፎ ወሎን አቋርጧል። ላሊበላ በመሥመሩ ላይ ከነበሩ ከተሞች አንዷ ነበረች። በአዲስ አበባና በሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች የታየው ከፊል ግርዶሽ ነው።

ወቅቱ የኮሮና ወረርሽኝ የተስፋፋበት ሲሆን፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን የሚከለክል የአስቸኳይ ጊዜ ድንጋጌ ተግባራዊ ነበር። በመሆኑም ሕዝብ በስፋት ተሰባስቦ ሊማርበት ይችል የነበረ ዕድል ተገድቧል።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም.

በዚህ ዕለት፣ ሰኞ፣ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ በደቡብ ስፔን፣ በሰሜን አፍሪካ፣ በሳዑዲ ዐረቢያና በየመን በኩል አልፎ እስከ ሶማሊያ ይዘልቃል። በግብፅ ሉክሶር አካባቢ ጨለማው ከ6 ደቂቃ በላይ ይቆያል። በጅዳና በመካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሙሉውን ግርዶሽ የማየት ዕድል አላቸው። በኢትዮጵያ ከቀትር በኋላ የሚታየው ከፊል ግርዶሽ ሲሆን፣ በሰሜኑ ክፍል ከደቡቡ ይልቅ ጎልቶ ይታያል።

ጊዜው ክረምት በመሆኑ ሁለት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባል። አንደኛ፣ ደመና ሊጋርደው ይችላል። ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤቶች ዝግ ስለሚሆኑ ዝግጅቱን ቀበሌዎች፣ የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላት፣ የወጣት ማኅበራትና የሃይማኖት አባቶች ከወዲሁ ሊይዙት ይገባል።

ዐይንን መጠበቅ

የዐይን የውስጠኛው ክፍል፣ ሬቲና፣ ሕመም አይሰማውም። ፀሐይን ትኩር ብሎ ያየ ሰው ጉዳቱን የሚያውቀው ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግሥቱ ነው። ስለዚህ «አላመመኝም» ማለት መተማመኛ አይሆንም።

በጥላሸት የጠቆረ መስታወት፣ የራጅ ፊልም፣ ተራ የፀሐይ መነጽርና በገበቴ ውኃ ላይ የሚታይ ነጸብራቅ አስተማማኝ አይደሉም። ፀሐይን በቀጥታ ለማየት የሚያገለግለው ዓለም አቀፉን አይ ኤስ ኦ 12312-2 ደረጃ ያሟላ የግርዶሽ መነጽር ነው። ቁጥሩ 14 የሆነ የብየዳ መስታወትም ያገለግላል። መነጽሩን አድርጎ በቴሌስኮፕ ወይም በአቅራቢ መነጽር ማየት ግን የተሰባሰበው ብርሃን መከላከያውን አቃጥሎ ዐይንን ስለሚጎዳ ፈጽሞ ክልክል ነው። በኢትዮጵያ የሚታየው ከፊል ግርዶሽ ስለሆነ መነጽር የሚወልቅበት ቅጽበት አይኖርም።

በወንፊት መመልከት

መነጽር ለሁሉም ላይዳረስ ይችላል። ያለ ወጪ ሕዝብን በአንድነት የሚያስተምረው ዘዴ ጀርባን ለፀሐይ ሰጥቶ ጥላን መመልከት ነው። ወንፊት ወይም ቀዳዳው ጎልቶ የሚታይ ስፌት ወደ ፀሐይ ቢዘረጋ፣ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ያለፈው ብርሃን በመሬት ላይ የተገመጠች ፀሐይን ምስል ይሥላል። የዛፍ ቅጠሎችም በክፍተታቸው ይህንኑ ያሳያሉ። በካርቶን ላይ በመርፌ አንድ ቀዳዳ በስቶ ነጭ ወረቀት ከሥሩ ማድረግም ይቻላል። በቀዳዳውና በወረቀቱ መካከል 1 ሜትር ሲኖር የምስሉ ስፋት 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። በቀዳዳው በኩል ፀሐይን ማየት ግን አይገባም።

ተሳታፊዎች በየ10 ደቂቃው የአየሩን ሙቀት ቢመዘግቡ፣ የምስሉን ቅርጽ ቢሥሉ፣ የዶሮዎችንና የወፎችን ጠባይ ቢያስተውሉ፣ ተመልካችነታቸው ወደ መርማሪነት ያድጋል። ደመና ቢኖር እንኳ የሙቀትና የብርሃን ምዝገባው ሊቀጥል ይችላል።

ፍርሃትን በዕውቀት መመለስ

ግርዶሽ ከወትሮው የተለየ ጨረር አያመጣም። ሰብልን፣ ከብትን፣ የተዘጋጀ ምግብን ወይም ነፍሰ ጡርን የሚጎዳ ነገር የለውም፤ አደጋው ፀሐይን በባዶ ዐይን ማየት ላይ ነው። በዕለቱ መጸለይ የሚፈልግ ይጸልያል፤ በእስልምናም ለግርዶሽ የተለየ ሶላት አለ። ጸሎቱም ሆነ ትምህርቱ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

በአፍሪካ ምድር የታየ ግርዶሽ የሳይንስን ታሪክ የለወጠበት ጊዜም አለ። ግንቦት 21 ቀን 1911 ዓ.ም. እንግሊዛዊው አርተር ኤዲንግተን በፕሪንሲፔ ደሴት ሆኖ ያነሣቸው ፎቶግራፎች፣ በብራዚል ሶብራል ከተነሡት ጋር ተዳምረው፣ የከዋክብት ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ እንደሚታጠፍ የሚናገረውን የአልበርት አይንስታይን ንድፈ ሐሳብ ደግፈዋል።

በአገራችን የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ከተመሠረተበት ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የሥነ ፈለክን ዕውቀት ለሕዝብ በማዳረስ ላይ ይሠራል። በየአካባቢው ያሉ የፊዚክስ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ከማኅበረሰቡ ጋር አስቀድመው ከተቀናጁ፣ ለሐምሌው ዕለት የሚያስፈልገው ጥቂት ካርቶን፣ አንድ ወንፊትና የዐይን ጥንቃቄ ምክር ነው።