የጃፓን ጎራዴና የታታራ እሳት

እ.ኤ.አ. በ1876 የጃፓን መንግሥት ሳሙራዮች በአደባባይ ጎራዴ እንዳይታጠቁ በዐዋጅ በከለከለ ጊዜ፣ ባለጎራዴው የክብር ምልክቱን፣ ብረት ቀጥቃጩም እንጀራውን አጣ። እ.ኤ.አ. በ1945 አገሪቱ በጦርነት ስትሸነፍ ደግሞ የአሸናፊዎቹ ጦር ጎራዴ እንዲሰበሰብ አዘዘ፤ ሥራውም ተቋረጠ። ይሁን እንጂ የቅርስ ዐዋቂዎች ምርጡ ጎራዴ የጥበብ ሥራ መሆኑን አስረድተው ከጥፋት ያተረፉት ጥቂት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953ም ክልከላው ተነሥቶ ለሰብሳቢዎች የሚሆን አዲስ ጎራዴ በፈቃድ መሥራት ተቻለ።

ፈቃዱ ቢገኝም ዋናው ችግር ብረቱ ነበር። ለዚህ ሥራ የሚስማማው ታማሃጋኔ የተባለ አረብ ብረት የሚገኘው ታታራ ከሚባል የጭቃ ምድጃ ሲሆን፣ የምድጃው እሳት በ1945 ጠፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 የጎራዴ ጥበብ ጥበቃ ማኅበር በሺማኔ ግዛት ምድጃውን መልሶ ሲያቋቁም፣ በቀድሞው ምድጃ የሠሩ አረጋውያን በሕይወት ስለነበሩ ሙያው ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። የብረት አሸዋና የእንጨት ከሰል ሦስት ቀንና ሌሊት እየተፈራረቀ ይጨመራል፤ በመጨረሻም ምድጃው ፈርሶ ሁለት ቶን ተኩል ያህል የሚመዝን ጓል ብረት ይወጣል። ከዚህ ውስጥ ለጎራዴ የሚመረጠው ከአንድ ቶን ያነሰ ነው።

ቀጥቃጩ ብረቱን ደጋግሞ አጥፎ ከቀጠቀጠ በኋላ ስለቱን በስሱ፣ ደንደሱን በወፍራሙ ጭቃ ቀብቶ፣ አግሎ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። ስለቱ ፈጥኖ በመቀዝቀዙ ይጠነክራል፤ ደንደሱ ግን ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ሳይሰበር ምትን ይችላል።

ከ1945 እስከ 1977 ያለው ሠላሳ ሁለት ዓመት የአንድ ባለሙያ የሥራ ዘመን ያህል ነው። ምድጃው ጥቂት ዓመታት ቢዘገይ ኖሮ፣ የነበልባሉን ቀለም አይቶ ሥራውን የሚመራ ዐይን ምናልባት ባልተገኘ ነበር። ጎራዴውን ለውጊያ ከቶ የማይመዘው ሰብሳቢ የሚከፍለው ዋጋም ለዚህ ዕውቀት ማቆያ ይውላል።