ከዓለማያ ደጅ የወጡ
የአንድ የእርሻ ኰሌጅ ምሩቃንና ልዩ ልዩ ጉዟቸው

ከአንድ ኰሌጅ በአንድ ቀን የተመረቁ ሰዎች ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሲገናኙ በመጀመሪያ የሚጠያየቁት ስለ ጤናና ስለ ልጆች ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «እገሌስ የት ደረሰ?» የሚለው ነው። በዚህች አጭር ጥያቄ ውስጥ ብዙ ጊዜ ፍርድ ተደብቆ ይገኛል። አንዱ ከገበሬው ርቆ ቢሮ ገባ ይባላል፤ ሌላው አገሩን ጥሎ ሄደ ይባላል፤ ሦስተኛው ደግሞ እዚያው ገጠር ቀረ እየተባለ እንደ ተረሳ ሰው ይነሣል። በሙያችን ውስጥ ይህ ፍርድ ከሁሉ ይልቅ የሚሰነዘረው በዓለማያ የእርሻ ኰሌጅ ምሩቃን ላይ ነው፤ ምክንያቱም ኰሌጁ የተቋቋመው ለገበሬው ነው ተብሎ ስለነበረ፣ ከእርሻ ማሳ የራቀ ምሩቅ ሁሉ ከተልእኮው እንደ ሸሸ ተቈጥሯል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ፍርዱ ትክክል መሆን አለመሆኑን ከታሪኩ አንጻር መመርመር ነው። ዘመናቱ የተጻፉት በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

የነገሩ መነሻ ከ1940ዎቹ መጀመሪያ ነው። በአሜሪካ የኦክላሆማ የእርሻና የመካኒክ ኰሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ሄንሪ ቤኔት ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተነጋግረው ነበር። ቤኔት በኋላ «ፖይንት ፎር» በመባል የሚታወቀው የአሜሪካ የቴክኒክ ርዳታ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆኑ፤ ነገር ግን ያሰቡት ሳይፈጸም በታኅሣሥ 1944 ዓ.ም. በቴህራን አቅራቢያ በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። ኰሌጁን ለማቋቋም የሚያስችለው ስምምነት የተፈረመው ከዚያ ከአምስት ወር በኋላ በግንቦት 1944 ዓ.ም. ነው። ሥራው በጅማ የእርሻና የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተጀመረ፤ ኰሌጁ ግን በ1940ዎቹ ማብቂያ ላይ ከሐረር ከተማ ብዙም ወደማይርቀው፣ ከሐይቁ አጠገብ ወደሚገኘው ወደ ዓለማያ ተዛወረ። በጥር 1950 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በይፋ መርቀው ከፈቱት።

ኦክላሆማዎች ይዘው የመጡት ሐሳብ በአገራቸው ሲሠራበት የኖረ ነበር። ይኸውም አንድ የእርሻ ኰሌጅ ሦስት ሥራዎችን አጣምሮ መያዝ አለበት የሚል ነው፤ ወጣቶችን ማስተማር፣ የእርሻ ምርምር ማካሄድ፣ የምርምሩንም ውጤት በኤክስቴንሽን አማካይነት ለገበሬው ማድረስ። መምህሩ ጧት ያስተማረውን ከሰዓት በኋላ በማሳ ላይ ይፈትናል፤ በማሳ ላይ ያየውንም ለገበሬው ያሳያል፤ ገበሬው የነገረውንም ይዞ ወደ መማሪያ ክፍል ይመለሳል። በዓለማያ ኰሌጅም እነዚህ ሦስት ኃላፊነቶች ለአገሪቱ በሙሉ ተሰጥተው ነበር። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የሠለጠኑት ለዚህ ሦስት ፊት ላለው ሥራ ነው።

ነገር ግን ሦስቱ ሥራዎች አብረው የቈዩት ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። በ1954 ዓ.ም. ኰሌጁ አዲስ ከተቋቋመው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተዋሐደ። በ1955 ዓ.ም. የኤክስቴንሽን ሥራ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተላለፈ። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ተቋቋመና የአገሪቱ ምርምር ኃላፊነት ለእርሱ ተሰጠ። በ1960 ዓ.ም. የኦክላሆማ ውል አበቃ። ለያንዳንዱ ርምጃ በጊዜው በቂ ምክንያት ነበረው፤ የአንድ ኰሌጅ መምህራን ሰፊ አገር አዳርሰው መሥራት አይችሉም ነበርና። ውጤቱ ግን በአንድ ግቢ ውስጥ በአንድነት የተፀነሰው ሥራ በሦስት መሥሪያ ቤቶች ተከፍሎ መቅረቱ ነው።

እንግዲህ ምሩቃኑ ለምን በየአቅጣጫው ተበተኑ ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ እዚህ ላይ ይገኛል። የተበተነው በመጀመሪያ ሥራው ነው፤ ሰዎቹ ሥራውን ተከትለው ሄዱ። አንዱ በሚኒስቴሩ፣ ሌላው በምርምር ጣቢያ፣ ሦስተኛው በመምህርነት፣ አራተኛው እንደ ጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ባሉ አዳዲስ ድርጅቶች ተቀጠረ። በወረቀት ላይ የተለያዩትን መሥሪያ ቤቶች በተግባር ሲያገናኛቸው የኖረውም ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር አልነበረም፤ በዓለማያ አብረው የተማሩ ሰዎች እርስ በርሳቸው መተዋወቃቸው ነው።

ሁለተኛው መልስ የዘመኑ ታሪክ ነው። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግሉ የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው በአዲስ አበባ አደባባይ ወጡ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ወደ 60000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማሩ፤ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅም እዚያው ገጠር እንዳሉ ደረሰላቸው። ስለ አፈርና ስለ ዘር ብቻ ይማር የነበረ ወጣት፣ መሬቱ የማን ነው የሚለውን ጥያቄ ሳይመልስ የሙያውን ሥራ መጀመር የማይችልበት ዘመን ሆነ። ከዚያ በኋላ በመጡት ዓመታት አንዳንዱ ሕይወቱን አጣ፤ አንዳንዱ ታሰረ፤ አንዳንዱ ተሰደደ፤ ብዙው ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ሥራውን ቀጠለ። ስለዚህ የአንድ ምሩቅ ጉዞ በምርጫው ብቻ እንደ ተወሰነ አድርጎ መናገር ታሪኩን አለማወቅ ነው።

አገር ጥሎ ሄደ ስለሚባለው ሰው ስናነሣ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታን መጥቀስ ይገባል። በ1942 ዓ.ም. ግድም በምዕራብ ሸዋ በወሎንኮሚ ተወለዱ፤ እናታቸው ልጃቸው እንዲማር ቈርጠው በመነሣታቸው ትምህርት ቤት ለመድረስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ይጓዙ ነበር። በዚያው በኦክላሆማዎች ርዳታ በተቋቋመው በጅማ ትምህርት ቤት አልፈው ዓለማያ ገቡና በ1965 ዓ.ም. በዕፅዋት ሳይንስ ተመረቁ። ከዚያም በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ፈጸሙ። በሱዳን ሲሠሩ ያዳቀሉት «ሐጂን ዱራ 1» የተባለ ድርቅ የሚቋቋም የማሽላ ዲቃላ በ1975 ዓ.ም. ለገበሬ ተለቀቀ። በኋላም ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን አወጡ፤ ለዚህም በ2002 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው። ማሽላ ያበቀለ ገበሬ አቀንጭራ ምን እንደሆነ ሊነገረው አያስፈልግም፤ ሥሩ ላይ ተጣብቃ የሰብሉን ሕይወት የምትመጥ፣ ዘሯም ለብዙ ዓመት በአፈር ውስጥ ተኝቶ የሚቈይ አረም ናት።

ከእነዚህ ዝርያዎች መካከል ሁለቱ «ጎብዬ» እና «አብሽር» ተብለው በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ ተለቀቁ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። ዘሩ በሩቅ አገር ተዳቅሎ ወደ አገር ቤት ቢመለስም፣ በየጣቢያው ዘርቶ የሚፈትነው፣ በአቀንጭራ በተበከለ ማሳ ላይ የሚያወዳድረው፣ ዘሩን አባዝቶ ለገበሬው የሚያደርሰው ሰው በአገር ውስጥ ባይኖር ኖሮ ሥራው ሁሉ በጽሑፍ ብቻ በቀረ ነበር። የሄደው ሰው ሥራ ፍሬ ያፈራው የቀረው ሰው ስላለ ነው። የቀረውም የሚፈትነው ነገር ያገኘው የሄደው ስላለ ነው። ሁለቱን አወዳድሮ አንዱን ማመስገን ሌላውን መውቀስ ሥራውን ከመሐል መቍረጥ ይሆናል።

ዶክተር ሰገነት ቀለሙም የሚጠቀሱ ናቸው። በፍኖተ ሰላም አካባቢ ተወልደው በልጅነታቸው የአንበጣ መንጋ የቀዬአቸውን ሰብል ሲያጠፋ አይተዋል። የሴት ልጅ ትምህርት እንደ ትርፍ ነገር በሚታይበት ዘመን ዓለማያ ገብተው በ1971 ዓ.ም. ተመረቁ። በአሜሪካ የዕፅዋት በሽታ ጥናት ተምረው በኮሎምቢያ በዓለም አቀፍ የምርምር ማዕከል ለብዙ ዓመታት ሠሩ፤ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ለዐሥር ዓመታት ያህል በናይሮቢ የሚገኘውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል መሩ። አንበጣን አይታ የደነገጠች ልጅ የነፍሳት ምርምር ማዕከል መሪ እስክትሆን ድረስ ያለው መንገድ በሦስት አህጉራት ያለፈ ነው፤ ነገር ግን የተነሣው ከአንድ የገጠር ማሳ ነው።

እነዚህ ስማቸው የታወቀ ነው። ስማቸው ያልታወቀውን ለማሰብ ደግሞ ከኰሌጁ የምርምር ጣቢያዎች አንዱ ወደነበረው ወደ ደብረ ዘይት መሄድ ይበቃል። በዚያ ጣቢያ ዶክተር ታደሰ እባ የጤፍን ዓይነቶች በመልካቸው ለይተው መደቡ፤ ዶክተር ታረቀ በርሄ የጤፍ አበባ በማለዳ ለአጭር ጊዜ እንደሚከፈት በመገንዘብ ጤፍን በእጅ ማዳቀል የሚቻልበትን መንገድ አገኙ። ይህ መንገድ ባይገኝ ኖሮ በ1998 ዓ.ም. የተለቀቀው «ቁንጮ» የተባለው ጤፍ ባልተገኘ ነበር። በጣቢያው የወጡት ዝርያዎች «ዲዜድ» በሚል ምልክትና በቍጥር ይታወቃሉ፤ «ዲዜድ 01-354» እንደሚባለው ማለት ነው። ምልክቱ የደብረ ዘይትን ስም ይዟል። ገና ሳይነጋ ተነሥቶ አበባ የጠበቀውን፣ በዐይን ለማየት በሚያስቸግር ዘር ላይ ያጐነበሰውን፣ ውጤቱን በደብተር የመዘገበውን ቴክኒሽያንና ምሩቅ ግን ምልክቱ አይናገርም።

ይህን ሁሉ ስንል ምሩቃኑን በሙሉ እያመሰገንን ለመለያየት አይደለም። ኰሌጁ የተመሠረተበት የዓለማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ደረቀ። ለመስኖና ለከተማ የመጠጥ ውሃ ያለ ልክ ተቀድቷል፤ ከተራቈቱት ኮረብቶች የወረደው አፈርም ሞልቶታል። ስለ አፈርና ስለ ውሃ አጠባበቅ በሚያስተምር ግቢ አጠገብ ይህ መድረሱ ለሙያችን መራራ ትምህርት ነው። ሐይቁ የደረቀው ዕውቀት ጠፍቶ አልነበረም፤ የሚያስተምረው፣ የሚመራመረው፣ ገበሬውን የሚያማክረውና ውሃውን የሚያስተዳድረው በየፊናው ስለነበሩ ነው። በ1955 እና በ1958 ዓ.ም. የተከፈለው ሥራ ዋጋ በዚህ ይታያል። በቅርብ ዓመታት ውሃው ከፊል መመለሱ ተስፋ ይሰጣል፤ ነገር ግን የደረሰውን አያስረሳም።

ኰሌጁ በ1977 ዓ.ም. የዓለማያ የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በጅማና በዓለማያ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የነበሩት አረጋውያን ዛሬ ጥቂቶች ናቸው። የዕውቆቹ ታሪክ በሽልማት መዝገብ ተጽፎላቸዋል። በአንድ ወረዳ ሠላሳ ዓመት የሠራው ምሩቅ፣ የትኛው ዘር በየትኛው አፈር ላይ እንደከሸፈ፣ ገበሬው የትኛውን ምክር ለምን እንዳልተቀበለ የሚያውቀው ባለሙያ ግን ዕውቀቱን ይዞ ወደ መቃብር ይወርዳል። ማኅበራችን ለአባላቱ ሊያበረክት ከሚችለው አገልግሎት አንዱና ምናልባትም ርካሹ፣ እነዚህን ሰዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቆ ቃላቸውን በጽሑፍ ማስቀመጥ ነው። ያን ጊዜ «እገሌስ የት ደረሰ?» የሚለው ጥያቄ ፍርድ መሆኑ ይቀርና «ምን አየ? ምንስ ተማረ?» ወደሚል ይለወጣል። ዓለማያ ከልጆቹ ሊቀበል የሚገባው መልስ የዚህ ሁለተኛው ጥያቄ ነው።