የባለ ሁለት መቶ ማርኩ ሰውዬ

በማርኩ ዘመን ፍራንክፈርት ውስጥ ከኖሩት አንዱ ከሆኑ ባለ ሁለት መቶውን ኖት ያስታውሱታል። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ዩሮ እስከተተካበት እስከ 2002 መባቻ ድረስ ሲዞር የነበረ ነው። እውነቱን ለመናገር በእኛ ኪስ ብዙ የሚያድር ገንዘብ አልነበረም፤ ለቤት ኪራይ ወይም አገር ቤት ለሚላክ ሲባል ከባንክ ይወጣና በዚያው ያልፋል። ፊቱ ላይ መነጽር ያደረጉ ጺማም ሰውዬ ይታያሉ፤ ጀርባው ላይ ማይክሮስኮፕ አለ። ሰውየው ማን እንደሆኑ ለመጠየቅ ፋታ የነበረን ግን ጥቂቶች ነን።

ፕሮፌሰር ፓውል ኤርሊኽ ይባላሉ። ኖቱን ያወጣው የቡንደስባንክ ዋና ሕንፃ የተሠራው እዚሁ ጊንሃይም ጥግ ነው፤ እሳቸው የሠሩበት ቤትም ከዚህ ሩቅ አይደለም። ከጊንሃይም የሚነሳውን 16 ቁጥር ትራም ይዘው ዋናውን ባቡር ጣቢያ ሲያልፉ የማይንን ወንዝ ይሻገራሉ። ከድልድዩ ማዶ ወርደው ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል አቅጣጫ ጥቂት ቢራመዱ በስማቸው የተሰየመ መንገድ ያገኛሉ። በመንገዱ ላይ ጌዮርግ ሽፓየር ሐውስ የሚባል የምርምር ተቋም አለ፤ ዛሬ የሚሠራው በካንሰር ላይ ነው። ከእኛ መካከል ዘመድ ለመጠየቅ ብርቱካን ይዞ በዚያ ሆስፒታል በር ያልገባ ጥቂት ስለሆነ የጎረቤቱን ቤት ታሪክ ማወቁ አይከፋም።

ስለ ስሙ አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የቀድሞ ሰዎች «ነቀርሳ» ሲሉ የሳንባውንም በሽታ፣ ዕጢውንም በአንድ ቃል ይጠሩ ነበር። እንዳያደናግረን እዚህ ካንሰር እላለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከቀለም ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ በማይን ዳር፣ በሆኽስት ፋብሪካ፣ ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን የልብስ ቀለም ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1895 ሉድቪግ ሬን የሚባሉ የፍራንክፈርት ቀዶ ሐኪም ፉክሲን የተባለውን ቀይ ቀለም በሚሠሩ ወዛደሮች ላይ የሽንት ፊኛ ዕጢ መታየቱን አስተውለው ጻፉ። (በማግሥቱ ዓመት በጩቤ የተወጋ ልብ ሰፍተው ሰው አድነዋል፤ ዓለም የሚያስታውሳቸው ይልቁንም በዚህ ነው።) በቀለም ሥራ ከሚገቡት ኬሚካሎች አንዳንዶቹ የሕዋስን ዲኤንኤ እንደሚያበላሹ የታወቀው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

ኤርሊኽ በዚያው ቀለም ላይ ሌላ ነገር አዩ። ሕዋሳትን በቀለም ሲነክሯቸው አንዱ ቀለም አንዱን ዓይነት ሕዋስ ይይዝና ጎረቤቱን ሳይነካ ያልፋል። ቀለም መርጦ የሚይዝ ከሆነ መርዝስ መርጦ ለምን አይገድልም? እ.ኤ.አ. በ1891 በርሊን ሳሉ ሜቲሊን ሰማያዊ በተባለ ቀለም ሁለት የወባ ሕመምተኞችን አከሙ። በ1899 ወደ ፍራንክፈርት መጡ። ሕዋስ በላዩ ላይ «ተቀባይ» አለው፣ የሚገጥመው ነገር ሲመጣ ይይዘዋል የሚለውን ሐሳብ ያስፋፉትም እሳቸው ናቸው። ይህን ተቀባይ የሚለውን ቃል ልብ ይበሉልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ፍራንሲስካ ሽፓየር የተባሉ የባንክ ባለሀብት መበለት በሟች ባላቸው ስም አንድ ሚሊዮን ማርክ ሰጡና ቤቱ በ1906 ተከፈተ። እዚያ የአርሴኒክ ውህዶች አንድ በአንድ ተቆጥረው ይሞከሩ ነበር። በ1909 ከጃፓን የመጡት ሐኪም ሳሃቺሮ ሃታ ቁጥር 606ን ሲሞክሩ የቂጥኝን ተሕዋስ ገደለ፤ በ1910 የሆኽስት ፋብሪካ ሳልቫርሳን ብሎ አወጣው። «ኬሞቴራፒ» የሚለው ቃል የኤርሊኽ ነው፤ በሽታውን ብቻ ፈልጎ የሚመታ «ምትሃተኛ ጥይት» የሚለውም አነጋገር የእሳቸው ነው።

ካንሰርን ግን አልቻሉትም። ዕጢ ከአይጥ ወደ አይጥ እያዛወሩ ዓመታት ደክመዋል። ቂጥኝ ከውጭ የመጣ ባዕድ ነው፤ ካንሰር ግን የገዛ ሥጋ ነው። ጥይቱ ጠላትን ከወዳጅ በምን ይለየው? ሲጋራ ከእጃቸው የማይለይ ሰው ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1915 ዐረፉ። ኋላ ናዚዎች ይሁዲ ናቸው ብለው ስማቸውን ከመንገዱ ላይ ነቀሉት፤ ባለቤታቸው ሄድቪግም አገር ጥለው ተሰደዱ። ይህን የእኛ አንባቢ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ቀጥሎ የመጣው መርዝ ማነጣጠር የሚባል ነገር አያውቅም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1917 የጀርመን ጦር ኢፕር በተባለች የቤልጂግ ከተማ አጠገብ የሰናፍጭ ጋዝ ተኮሰ፤ ይፔሪት የሚለው ስሙ ከዚያ ነው። እኛም ዘንድ ደርሷል። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በተከዜ ግንባር የልዑል ራስ እምሩ ጦር ላይ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በርሜል ጣሉ፤ ከበርሜሉ የፈሰሰው የነካው ሰው ቆዳው ተላጠ፣ ዓይኑ ጠፋ። ኋላም እንደ ዝናብ ከላይ ይረጩት ነበር። ኢጣሊያ ይህን ዓይነቱን ጦር መሣሪያ የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቭ ስምምነት የፈረመች አገር ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ለዓለም ተናገሩ። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ከስድሳ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

የዚህ ጋዝ ታሪክ ከካንሰር መድኃኒት ጋር ምን አገናኘው ይሉኝ ይሆናል። በጋዙ የተመቱ ወታደሮች ነጭ የደም ሕዋሳቸው እንደሚያልቅ ሐኪሞች ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ ያውቁ ነበር። እንግዲያው ነጭ ሕዋስ ያለ ልክ የሚበዛበት ካንሰር ላይ ቢሞከርስ? እ.ኤ.አ. በ1942 በአሜሪካ የል ዩኒቨርሲቲ ሉዊስ ጉድማንና አልፍሬድ ጊልማን የጋዙን የቅርብ ዘመድ ለአንድ ሕመምተኛ በደም ሥር አሰጡት። ዕጢው ቀለጠ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመለሰና ሰውየው ሞተ። ሥራው የጦር ምስጢር ስለነበር የታተመው በ1946 ነው። በ1958 ደግሞ ጀርመኖች ከዚያው ዘር ሳይክሎፎስፋማይድ የተባለውን አወጡ። ይህ መድኃኒት ዛሬም በፍራንክፈርትም፣ በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳም ለጡት ካንሰር በደም ሥር ይንጠባጠባል። የተከዜው መርዝ የልጅ ልጅ ነው። አያቱን በተከዜ ያጣ ሰው እናቱ አጠገብ ተቀምጦ ጠብታውን ሲቆጥር ይህን አያውቅም፤ ባያውቅም ይሻለው ይሆናል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዲኤንኤን ሁለት ክር የተገመደበት ረጅም ፈትል አድርገው ያስቡት። ሕዋስ ሲባዛ ክሮቹ ተፈትተው ይላቀቃሉ። የሰናፍጭ ጋዝና ልጆቹ ሁለቱን ክሮች አንድ ላይ ይሰፏቸዋል፤ ሕዋሱ ልባዛ ሲል ፈትሉ አልፈታ ይለዋል። ስለዚህ ፈጥኖ የሚባዛው ሁሉ ይመታል፤ ዕጢውም፣ የጠጉር ሥሩም፣ መቅኔውም፣ አንጀቱም። ጠጉር የሚረግፈው ለዚህ ነው። ይህ የኤርሊኽ ጥይት አይደለም፤ በጅምላ መተኮስ ነው።

ሕዋስ ግን ዝም ብሎ አይሞትም፤ ይጠግናል። የእያንዳንዳችን ዲኤንኤ በፀሐይ፣ በጢስ፣ በራሱ እርጅናም ሳይቀር በየቀኑ ይጎዳል፣ በየቀኑም ይሰፋል። ይህን ጥገና ደረጃ በደረጃ ላሳዩት ለቶማስ ሊንዳል፣ ለፖል ሞድሪችና ለአዚዝ ሳንጃር እ.ኤ.አ. በ2015 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሰጠ። (ሳንጃር የቱርክ ተወላጅ ናቸው፤ ቱርክ ጎረቤትዎን ቢጠይቁ በኩራት ይነግርዎታል።) ከጠጋኞቹ አንዱ ፓርፕ ይባላል፤ አንዱ ክር ብቻ ሲበጠስ ደርሶ ያስጠግናል። ሁለቱም ክር ሲቆረጥ የሚጠሩት ሌሎች ናቸው፤ ከእነሱ መካከል ብራካ አንድና ብራካ ሁለት ይገኛሉ። አሜሪካዊቷ ሜሪ ክሌር ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1990 የጡት ካንሰር በዘር የሚተላለፍበትን ሥፍራ በአንድ ክሮሞሶም ላይ አመለከቱ፤ ያ ብራካ አንድ ነበር። በ2013 በኤርሊኽ ስም የሚሰጠውን ሽልማት የተቀበሉት እዚሁ ፍራንክፈርት ነው። ሽልማቱ በየዓመቱ በኤርሊኽ የልደት ቀን፣ መጋቢት 14፣ በፓውልስኪርኸ ይሰጣል።

የኤርሊኽን ጥያቄ የመለሰው ይህ ጥገና ነው። ከእናት ወይም ከአባት አንድ የተበላሸ ብራካ የወረሰ ሰው ከሌላው ወላጅ ያገኘው ደኅናው ስላለው ሕዋሶቹ መጠገን ይችላሉ። ዕጢው ውስጥ ግን ያ ደኅናውም ጠፍቷል፤ ዕጢው የቆመው በቀረው ጠጋኝ፣ በፓርፕ ምርኩዝ ነው። ምርኩዙን ቢነጥቁትስ? እ.ኤ.አ. በ2005 እንግሊዝ አገር ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች ይህንኑ አሳዩ፦ ፓርፕን የሚያስር መድኃኒት ሲሰጥ ብራካ የሌለው ሕዋስ ይሞታል፣ ብራካ ያለው ይተርፋል። ኦላፓሪብ የተባለው እንክብል በ2014 መጀመሪያ ለእንቁላል ማፍሪያ ካንሰር ተፈቀደ፤ ጡትና ሌላውም ተከተለ። ሁሉን ያድናል አልልም። አንዳንዱ ዕጢ የጠፋበትን ጥገና መልሶ ይማርና መድኃኒቱን ይለምደዋል።

ተቀባይ የሚለውን ቃል አስቀምጠን ነበር። ሕዋስ ተባዛ የሚል ምልክት የሚደርሰው በተቀባዮቹ ነው፤ በካንሰር ምልክቱ አላቋርጥ ይላል። ምልክቱን የሚዘጋ ግሊቬክ የተባለ እንክብል እ.ኤ.አ. በ2001 ለአንድ ዓይነት የደም ካንሰር ተፈቀደ። የፍራንክፈርቱ ሐኪም ኦሊቨር ኦትማንና ባልደረቦቻቸው በ2002 ይበልጥ ፈጣን በሆነው ዓይነት ላይ ሞክረውት በብዙዎች ላይ እንደሠራ፣ ግን ብዙ እንዳልቆየ ጻፉ። ጥቁር አንበሳም ግሊቬክ በዕርዳታ ሲሰጥ ኖሯል። ርካሹ ግን የድሮው ታሞክሲፈን ነው፤ በጡት ሕዋስ ውስጥ ያለውን የኤስትሮጂን ተቀባይ ይዘጋል። አፍሪካዊት ሴት ይህ ተቀባይ ብዙ ጊዜ የላትምና አይረባትም ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የሃለ ዩኒቨርሲቲና የአዲስ አበባ ሐኪሞች ባወጡት ጥናት ግን ከታዩት ኢትዮጵያውያት ሕመምተኞች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ተቀባዩ ነበራቸው። እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ይህን ትንሽ ጥናት አከብራለሁ፤ ሳይጠይቁ መፍረድ ስንቱን መድኃኒት እንዳስቀረ ያሳያል።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። ኦላፓሪብን የመሰለ መድኃኒት የሚሠራው ጥገናው የተበላሸበት ዕጢ ሲታወቅ ነው። ለማወቅ ደግሞ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ከቤተ ሙከራው በፊት የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ ከቤተሰብዎ ጡት ወይም እንቁላል ማፍሪያ የታመመ ማን ነበር? በስንት ዓመቷ? ጥያቄው ለጀርመን ቀላል ነው። እኛ ዘንድ ካንሰር ለታማሚውም አይነገርም፣ ለልቅሶ ደራሹም አይነገርም፤ «ትንሽ አሟት ነበር» ይባልና ይቀበራል። ብራካ በአባት በኩልም እኩል እንደሚወረስ፣ ወንዱም ለፕሮስቴትና አልፎ አልፎ ለጡት ካንሰር እንደሚያጋልጠው የሚያውቅ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው።

ባለፈው ወር የእኅቴን ልጅ ለማስተርጎም አብሬያት ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። ጥያቄው ተጠየቀ። ተያየንና «ማንም የለም» ብለን ወረቀቱን ሞላን። ማታ ደሴ ደውዬ እማዬን ጠየቅኋት። «የሞተ ሰው ገመና ምን ያደርግልሃል?» አለችኝና ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ቆይታ ሁለት ስም ጠራች፤ ሁለቱም የአባቴ እኅቶች ናቸው። አንዷ ጡቷን፣ በሠላሳ ስምንት ዓመቷ። ሁለተኛዋ «ሆዷ አብጦ»። ሁለቱንም በሕፃንነቴ አውቃቸዋለሁ፤ በምን እንደሞቱ ግን የሰማሁት ያን ማታ ነው።

በማግሥቱ ወረቀቱን እንደገና ሞላነው። የደም ምርመራው ውጤት ገና አልመጣም።