ኖርዊችና ኖርፎክ ቴሪየር፦ የአንድ ስያሜ ሁለት ፍች

«ቴሪየር» የሚለው ቃል ምንጩ የላቲኑ «ቴራ»፣ ማለትም «መሬት» ሲሆን፣ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በፈረንሳይኛ በኩል ነው። ስያሜው የተገኘው ከመልክ ሳይሆን ከሥራ ነው፤ ቴሪየር ቀበሮንና መሰል አውሬን እስከ ጉድጓዱ ተከትሎ የሚያስወጣ አነስተኛ አዳኝ ውሻ ነውና። የዝርያ መስፈርት ግን በይበልጥ የሚገልጸው መልክን ነው። ይህም እንደ መዝገበ ቃላት ፍች ለስሙ ወሰን ያበጅለታል። ወሰኑ ሲለወጥ በስሙ ላይ የሚደርሰውን ከዚህ በታች በአንድ ምሳሌ እንመለከታለን።

በምሥራቅ እንግሊዝ አይጥና ቀበሮ ለማደን ይረቡ የነበሩት ትንንሽ ቴሪየሮች፣ እ.ኤ.አ. በ1932 በብሪታንያው ኬኔል ክለብ ዘንድ «ኖርዊች ቴሪየር» በሚል ስም ዕውቅና አገኙ። ቁመታቸው 25 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ እግራቸው አጭር፣ ጠጉራቸው ሻካራ ነው። ጆሮን በሚመለከት ግን ሁለት ዐይነት ተፈቅዶ ነበር፤ ይኸውም ቀጥ ብሎ የቆመና ወደ ፊት ታጥፎ የወደቀ ነው። ሁለቱ ሲዳቀሉ ጆሮው በውል ያልቆመ፣ በውልም ያልታጠፈ ቡችላ ይወለድ ስለ ነበር፣ ብዙ አርቢዎች ለያይቶ ማርባትን መረጡ። በመጨረሻም ክለቡ በ1964 ዝርያውን ለሁለት ከፈለው። ጆሮአቸው የቆመው የከተማውን ስም «ኖርዊች»ን እንደ ያዙ ሲቀሩ፣ ጆሮአቸው የታጠፈው ከተማው በሚገኝበት አውራጃ ስም «ኖርፎክ» ተባሉ። የአሜሪካው ኬኔል ክለብ ሁለቱን የለየው ግን በ1979 ነው።

እንግዲህ በ1970 የተጻፈ የብሪታንያ ክለብ መዝገብ «ኖርዊች» ሲል ጆሮው የቆመውን ብቻ ሲያመለክት፣ የዚያው ዓመት የአሜሪካ መዝገብ ሁለቱንም ያጠቃልላል። ይህን ያላስተዋለ ተርጓሚ ቃሉን በትክክል ጽፎ ነገሩን ይስታል።

በአማርኛም ተመሳሳይ ችግር አለ። «ዝርያ» የሚለው ቃል አንዳንድ ጊዜ ውሻን ከቀበሮ ለመለየት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ አንዱን የውሻ ወገን ከሌላው ለመለየት ያገለግላል። ስለዚህ በዚህ ሙያ «ዝርያ» ራሱን የቻለ መስፈርት ላለው፣ «ዐይነት» ደግሞ በአንድ መስፈርት ውስጥ ለሚታይ ልዩነት ቢወሰን ይበጃል። በዚህ አከፋፈል መሠረት፣ ጆሮው የታጠፈው ውሻ በብሪታንያ እስከ 1964 «ዐይነት» ነበር፤ ከዚያ ወዲህ «ዝርያ» ሆኗል።

ሁለቱም መስፈርቶች በሥራ ላይ የደረሰ ጠባሳ እንደ ጉድለት እንዳይቆጠር ይደነግጋሉ። ጆሮ ቢለያያቸውም የጥንቱ የሥራ ስም ዛሬም የጋራቸው ነው። መዝገበ ቃላት አዘጋጅም ይህን የጋራ ፍች አስቀድሞ፣ የተለየውን ከነአገሩና ከነዓመቱ ሊያስከትል ይገባዋል።