ጧሪ ቀባሪ በመቐለ

ድሮ በትግራይ ርስት ኖሮት ልጅ ያልወለደ ሰው እርጅናውን የሚያስጠብቀው በመሬቱ ነበር። የወንድሙን ወይም የጎረቤቱን ልጅ ይጠራና ሽማግሌ ባለበት «ጡረኝ፣ ቅበረኝ፣ መሬቴን ውሰድ» ይለዋል። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ይህ ውል መሠረቱን አጣ። ቆይቶ የ1997ቱ የመሬት አዋጅ ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት እየኖረ መተዳደሪያውን የሚጋራን ሰው ከቤተሰብ ቆጠረ። የድሮው ጧሪ በሌላ ስም ተመለሰ ማለት ነው።

ሴቶች ሌላም ቦታ ነበራቸው፦ ቆብ። ባሏን ቀብራ፣ ልጆቿን ድራ የጨረሰች ሴት መንኩሳ ቤተ ክርስቲያን ትጠጋለች። የአያቴ እህት፣ እማሆይ፣ የመጨረሻ ዘመናቸውን ያሳለፉት አፄ ዮሐንስ ባሠሩት በመቐለ መድኃኔዓለም አጠገብ፣ በአንዲት የድንጋይ ክፍል ነው። ያላቸው የጭቃ መደብ፣ ጀበናና መቁጠሪያ ነበር። እኛ ዱቄትና ቡና እናደርሳለን፤ ዝክርና ተዝካር ሲኖር ደግሞ ከደብሩም ይደርሳቸዋል። ጠዋት ጎረቤቶቻቸው መነኮሳይያት በር ያንኳኳሉ፤ መልስ ካጡ ከፍተው ይገባሉ። አልጋ ላይ ሲውሉም እነሱ ናቸው ተራ ገብተው ያጠቧቸውና ያገላበጧቸው። ነርስ ነኝና ያየሁት ጀርባቸውን ነው፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልቆሰለም። በሥራ ዘመኔ ግን ስንት የደህና ቤት እናቶች ጀርባ አጥቤያለሁ፣ አጥንት እስኪታይ የቆሰለ! ልጆቻቸው ክፉ አልነበሩም፤ ሥራ ውለው ይመጣሉ፣ ቤት የምትቀረው ደግሞ የቤት ሠራተኛ ናት፣ ማገላበጥን ማንም አላስተማራትም።

ጡረታ አለ የሚለኝም አይጠፋም። ሰኔ 2013 ዓ.ም. ግን በጦርነቱ ሳቢያ መቐለ ውስጥ ባንክ ሲዘጋ የጡረተኛው ገንዘብ ደብተሩ ላይ ቀረ። ደመወዙን ተማምኖ እናቱን ይጦር የነበረው ልጅም እጁ ባዶ ሆነ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የሰላም ስምምነቱ ፕሪቶሪያ ላይ እስኪፈረም ድረስ ብዙ አረጋውያንን ያቆያቸው ጎረቤት ነው።

ዛሬ እናቱን የአረጋውያን ማዕከል ያስገባ ሰው «ጣላት» ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። እማሆይም ከልጅ ቤት ወጥተው ነው የኖሩት፤ ማንም ተጣሉ አላለም፣ ምክንያቱም በእግራቸው ሄደው የመረጡት እሳቸው ናቸው። እናንተም እናታችሁ አንደበቷ ሳይታሰር፣ እግሯ ሳይከዳት፣ የት መሆን እንደምትፈልግ ዛሬውኑ ጠይቋት። ማዕከልም ይሁን የልጅ ቤት፣ ከማስገባታችሁ በፊት ሌሊት ማን እንደሚያገላብጣት አጣሩ።