ሮም ላይ የተገናኙት ሁለቱ ተማሪዎች

ቅዳሜ ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን ስልኬን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፌ ላይፕዚግ ካለ አንድ ተማሪ ጋር ወግ እጀምራለሁ። ግማሽ ሰዓት በአማርኛ፣ ግማሽ ሰዓት በጀርመንኛ። ባለፈው «ትናንት ስልኬ ተፋ» አለኝ። «ጠፋ» ብዬ አረምኩት። ደግሞ «ተፋ» አለ። «ትንፋሽህን ያዝና በል» ስለው፣ ከስንት ሙከራ በኋላ ወጣለት። ተራው የእኔ ሲሆን ደግሞ ጨረቃን እንደ ሀገሬ ልማድ በሴት ጾታ ጠራኋት። እነሱ ዘንድ ፀሐይዋ ሴት፣ ጨረቃው ወንድ ነውና «ዴር ሞንድ» ብሎ መለሰልኝ።

የዛሬው ስልክ ይህን አሠራር አቀለለው እንጂ አልፈጠረውም። በ1990ዎቹ የጀርመኑ ቦኹም ዩኒቨርሲቲ በተለያየ ሀገር ያሉ ተማሪዎችን በኢሜይል እያጣመረ ቋንቋ እንዲለዋወጡ ያደርግ ነበር። ስሙም «ታንደም» ነው፤ ሁለት ሰው እኩል እየረገጠ የሚነዳው ብስክሌት። የኛ ሰዎች ግን ከዚያ እጅግ ቀድመው ነበር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ የሐበሻ ተሳላሚዎች ያርፉበት የነበረው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ከሐበሻው ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ግዕዝ ተምሮ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን ሮም ላይ ያሳተመው በእነዚህ እንግዶች ምክንያት ነው። በ1649 ደግሞ የኤርፉርቱ ተወላጅ ኢዮብ ሉዶልፍ እዚያው መጣ። ዕድሜው 25። ግዕዝን ከመጽሐፍ አጥንቷል፤ አንደበቱ ግን አልተፈታም። ያገኛቸው ሰው የአምሐራው መካነ ሥላሴ ሊቅ አባ ጎርጎርዮስ ናቸው፤ ከጀስዊቶች ጋር ወግነው ከሀገር የወጡ።

መጀመሪያ መግባቢያቸው ጠባብ ነበር። ውሎ አድሮ ግን ግዕዝ ራሱ የጋራ ቋንቋቸው ሆነ፤ ከተለያዩ በኋላም የተጻጻፉት በእሱ ነው። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ተጋብዘው ጎታ ከተማ፣ የመስፍኑ ኤርንስት ፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ገቡ። ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ታሪክ፣ ልማዱን፣ የአማርኛውን ቃል ከእሳቸው አፍ እየሰማ መዘገበ። አንዱ የሀገሩ ሊቃውንት ሁሉ የማያውቁትን ይጠይቃል፤ ሌላው ባዕድ ምድር ላይ ቋንቋውን የሚሰማለት ሰው አግኝቷል። ሁለቱም የጎደላቸው ነገር ስለነበረ ነው ጥምረቱ የጸናው ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ ወግ የተወለደው ብዙ ነው፦ በ1681 የኢትዮጵያ ታሪክ፣ በ1698 የመጀመሪያው የታተመ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት። ሉዶልፍ ውለታቸውን አልካደም፤ በ1691 ባወጣው መጽሐፍ ላይ የአባ ጎርጎርዮስን ምስል አስቀርጿል። ቢሆንም «መረጃ ሰጪ» እየተባሉ በግርጌ ማስታወሻ መቅረታቸው ያንገበግበኛል። ሰዋስው ያወጣው አንድ ሰው ብቻ አልነበረም።

ከእሳቸው በኋላም መንገዱ አልተዘጋም። አለቃ ታዬ ከ1905 እስከ 1908 በርሊን አማርኛ አስተማሩ። ኔፕልስ ያስተማሩት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስም በ1908 ለተጓዦች ያዘጋጁት መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር የሁለት ሰው ጭውውት ነው፤ አንዱ ፈረንጅ፣ አንዱ ሐበሻ። ይህ አቀራረብ ዛሬ ዋሽንግተንም ሆነ ስቶክሆልም ተወልዶ የአያቱን አማርኛ ሰምቶ መመለስ ላቃተው ልጅ ከማንኛውም የፊደል ሰሌዳ ይልቅ የሚጠቅመው ይመስለኛል፤ የሚመልስለት ሰው ነውና የጎደለው።

አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው እስክንድሮና አጠገብ ሰጠመች። ጎታ ላይ ያዩትን፣ ስለ ጀርመኖች የታዘቡትን ለመካነ ሥላሴ ሰዎች የሚነግር አልቀረም። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተሬን በሁለት ዓምድ ከፍዬ እጽፋለሁ፤ በቀኙ እሱ የሳተውን አማርኛ፣ በግራው እኔ የሳትኩትን ጀርመንኛ። ባለፈው ሳምንት የግራው በሦስት መስመር በልጧል።